ሁለት ጸደይ ያላት ከተማ

መጋቢት ሲጋመስ የናይሮቢ ሰማይ ጠባዩን ይለውጣል። ጠዋት ጥርት ብሎ ይነጋል፤ ከሰዓት በኋላ ደመናው ተከማችቶ ይከብዳል፤ ዝናቡ ሊወርድ ሲል የሚነሣው ነፋስ የጃካራንዳውን ደቃቅ ቅጠል አስፋልቱ ላይ ይነዛዋል። የመጀመሪያው ዝናብ በወረደ ማታ ክንፋም ምስጥ ከመሬት ፈልቶ የመንገዱን መብራት ይከብባል፤ በማግስቱ ክንፉ ብቻ በረንዳው ላይ ተነስንሶ ይገኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በንጎንግ ሮድ፣ በሊሙሩ ሮድና በኪያምቡ ሮድ ዳር የተደረደሩት ችግኝ ሻጮች መደባቸውን እስከ እግረኛው መንገድ ያሰፋሉ። ላቬንደርና ጄራንየም ሱኩማ ዊኪ ከሚባለው ጎመን ችግኝ ጋር ጎን ለጎን ይቆማል፤ የተዳቀለ አቮካዶ ቡገንቪላው ሥር ይቀመጣል፤ የፍየል ፍግ በጆንያ ተሞልቶ፣ ቀይ አፈር ተቆልሎ ገዢ ይጠብቃል።

ከነዚህ ሻጮች አንዱ ችግኝ ስመርጥ ሲያየኝ «ሀበሺ፣ ለዓይን ነው ለሆድ?» ይለኛል። «ለሁለቱም» እለዋለሁ። እሱ ይህን ጥያቄ ሁሉንም ደንበኛ ይጠይቃል፤ ወደ የትኛው መደብ እንደሚመራን ለማወቅ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ አስቤበታለሁ፤ ይህን ወግ ያስጻፈኝም ያው ጥያቄ ነው።

በዚሁ ሰሞን ሚኒሶታና ቶሮንቶ ያሉ ዘመዶቻችን መስኮት ጥግ ያበቀሉትን የጎመንና የቃሪያ ችግኝ ፎቶ ይልኩልናል። የመጨረሻው ውርጭ ማለፉን እስኪያረጋግጡ፣ ግንቦት እስኪገባ፣ ወደ ውጭ አያወጡትም። እነሱ ጸደይን የሚጠብቁት ከብርድ ለመገላገል ነው። ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ አንድ ዲግሪ አለፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በሐምሌ ሌሊት ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድ ነው እንጂ ውርጭ አታውቅም። ስለዚህ ከአውሮፓ የመጣ የዘር ፓኮ ጀርባ ላይ የተጻፈው ወር ሁሉ እዚህ አይሠራም። እዚህ የሚያዘው ዝናቡ ነው።

ዝናቡን ለመከተል ደግሞ ከእኛው ቀን መቁጠሪያ የተሻለ መሪ አላገኘሁም። በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ሲከፈል ዘመነ ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው፤ እስከ ሰኔ 25 ይዘልቃል። አበባን ከመስከረም ጋር አያይዞ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ ይህ ግራ ያጋባዋል፤ በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋ በበልግ የሚያርስ ገበሬ ግን ነገሩ ይገባዋል። ናይሮቢ ላይ መጋቢት 26 በትክክል ቦታው ላይ ይወድቃል። ኬንያውያን ረጅሙ ዝናብ የሚሉት ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይዘንባል፤ በሚያዝያ ብቻ ወደ 200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውኃ ይወርዳል። ከዚያ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ፀሐይ የጠፋበት ግራጫ ብርድ ነው። አጭሩ ዝናብ የሚጀምረው ጥቅምት ላይ ነው። መስከረም 26 ዘመነ ጽጌ ገብቶ ካህናቱ የማኅሌተ ጽጌን ሌሊት ሲጀምሩ የናይሮቢ ጃካራንዳ ይፈነዳል፤ እስከ ኅዳር 5 ጽጌው እስኪያልቅ መንገዱ ሁሉ ሐምራዊ ሆኖ ይሰነብታል። ከጽጌ ማኅሌት ወጥቶ ጠዋት በዚያ አበባ ላይ እየረገጠ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ዘመኑ ከቦታው ጋር ምን ያህል እንደገጠመ በዓይኑ ያያል። እንግዲህ ይህች ከተማ ሁለት ጸደይ አላት፤ ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር ውስጥ ተጽፈው ይገኛሉ።

ሰዓቱም ያው ነው። ኪስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ነው፤ አትክልተኛው «ሳ ሞጃ እመጣለሁ» ካለ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በር ላይ ነው። ይህ አቆጣጠር ለተክልም የሚስማማ ነው። እዚህ በዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ቀን ሲረዝም አይቶ ራሱን ለሚያዘጋጅ ተክል ይህ ችግር ነው፤ ለሰሜን አውሮፓ የተዘጋጀ የሽንኩርት ዘር እዚህ ቢዘራ ቅጠል ብቻ ያወጣል፣ ኳሱን አይሠራም። ጽጌረዳም የሚያርፍበት ክረምት ስለሌለው ዓመቱን ሙሉ እያበበ ይደክማል፤ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ገርዞ እረፍት የሚሰጠው ባለቤቱ ነው። ፖም ደግሞ ብርድ ካላገኘ አያፈራም፤ ጨንቻ ላይ በጋሞ ደጋ ፖም የያዘው ከፍታው ከናይሮቢ እጅግ ስለሚበልጥ ነው።

ንጎንግ ሮድ ላይ ከችግኞቹ መካከል እየተዘዋወርኩ ወደ ኪሊማኒ ስታጠፍ ምኒልክ ሮድ የሚባል መንገድ አገኛለሁ። መሀል ከተማ የኃይለ ሥላሴ ጎዳና እንዳለ ብዙ ሰው ያውቃል፤ ይህኛውን የሚያስተውለው ጥቂት ነው። ስሙን ባየሁ ቁጥር ባሕር ዛፍ ትዝ ይለኛል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 ተቆርቁራ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዙሪያዋ የነበረው ማገዶ አለቀ፤ በ1890ዎቹ ከአውስትራሊያ የተገኘው ባሕር ዛፍ ገብቶ ከተማዋን ከመፈታት አዳናት። ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ሆና ረግረግ ላይ ተጀመረች፤ ባቡሩ የሚነድለት እንጨት ስለፈለገ በ1902 ባሕር ዛፍ ወደ ኬንያ ገባ። ከስቴት ሀውስ አጠገብ ያለው፣ 30 ሄክታር ያህል የሚሰፋው የናይሮቢ አርቦሬተምም በ1907 የተመሠረተው ከውጭ የመጣ የትኛው ዛፍ ለባቡሩ ማገዶ ቶሎ እንደሚደርስ ለመሞከር ነበር። ዛሬ ሰው ቅዳሜ ጨርቅ አንጥፎ የሚዝናናበት ጥላ ለምድጃ የታሰበ ነበር። ሁለቱ ከተሞች በአንድ ዘመን፣ በአንድ ችግር፣ በአንድ ዛፍ ተደግፈው አደጉ።

ውበቱ የመጣው በኋላ ነው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ የከተማዋን መናፈሻዎች የመራው ፒተር ግሪንስሚዝ ጃካራንዳውንና ቡገንቪላውን በየጎዳናው አስተከለ፤ ዛሬ የናይሮቢ መልክ የምንለው ብዙው የሱ እጅ ሥራ ነው። ሁለቱም የደቡብ አሜሪካ ልጆች ናቸው። ቡገንቪላ የሚያምረው ጥቂት ሲጠማ ነው፤ በየቀኑ ውኃ የሚያጠጡት ሰዎች ቅጠሉ ብቻ ለምልሞ አበባው ለምን እንደቀረ ይጨነቃሉ። ሲቲ ማርኬት ውስጥ በባልዲ የሚሸጠው ጽጌረዳም ዘሩ ከሩቅ ነው። ኬንያም ኢትዮጵያም ጽጌረዳ ለአውሮፓ በመሸጥ የታወቁ አገሮች ሆነዋል፤ በየአውሮፕላኑ ተጭኖ የሚሄደው አበባ ግን ከሌላ አገር ጽጌረዳዎች የተዳቀለ ነው። ከሰሃራ በታች በተፈጥሮው የሚበቅል ጽጌረዳ አንድ ብቻ አለ፤ እሱም ቀጋ ነው። የእጽዋት ሊቃውንት ሮዛ አቢሲኒካ ይሉታል። ነጭ አበባው ደጋውን ያሳምራል፤ ፍሬው ሲቀላ እረኛ ለቅሞ ይበላዋል። የችግኝ ሻጩ ጥያቄ ቀጋ ላይ ሲደርስ መልስ ያጣል፤ ለዓይንም ነው ለሆድም።

ነገሩን በደንብ ያዩት እንደሆነ አብዛኛው ተክል እንዲሁ ነው። የሚለየው የሚያየው ሰው ነው። እንሰትን እናስብ። በደቡብ ኢትዮጵያ ቆጮና ቡላ ሆኖ ወደ 20 ሚሊዮን ሕዝብ ይመግባል። በእንግሊዝ አገር ግን ማውሬሊ የተባለው ቀይ ዝርያው «የአቢሲኒያ ሙዝ» እየተባለ ለጌጥ ይሸጣል፤ በሞቃቱ ወር አበቦቹ መሀል ይቆማል፤ ብርድ ሲመጣ ተነቅሎ ቤት ይገባል። ለጸደይ ተከላ በሽንኩርት መልክ የሚሸጥ፣ ነጭ ሆኖ መሀሉ የጠቆረ ጥሩ መዓዛ ያለው ግላዲዮለስ አለ፤ እሱም በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ ተራራ የሚገኝ የዱር አበባ ነው። አሉማም እንዲሁ ነው፤ ቀዩ ዝርያ በአውሮፓ የአበባ መደብ ላይ ዘለላው ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ኬንያውያን ቴሬሬ ብለው ቅጠሉን ከሽንኩርት ጋር ያቁላሉታል። ከተዘራበት ቀን ጀምሮ ወር ባልሞላ ጊዜ ለድስት ይደርሳል።

የጎመኑ ነገር ትንሽ ቆም ብሎ ማየት የሚገባው ነው። ናይሮቢ የምትኖረው በሱኩማ ዊኪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ኡጋሊ ከሚሉት የበቆሎ ገንፎ ጋር የማይበላበት ቤት የለም። ከሥር ከሥር ቅጠሉ እየተቀነጠሰ ወራት ስለሚቆይ እኛ የጉራጌ ጎመን የምንለው ዓይነት ነው። ከሱኩማው ጎን ግን በገበያ ካንዚራ የሚሉት ሌላ ጎመን አለ፤ ቅጠሉ ለስለስ ያለ፣ ጣዕሙ ጥቂት ሰናፍጭ ሰናፍጭ የሚል። ይህ የሐበሻ ጎመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ናጋሃሩ ዩ የሚባል በጃፓን የተወለደ ኮሪያዊ ተመራማሪ የጎመን ዘሮችን ዝምድና ሲያብራራ የሐበሻ ጎመን ከሰናፍጭና ከተራው ጎመን ወገን በተፈጥሮ መዳቀል የተገኘ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ሰናፍጩ የሚሸትተን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከአንድ ወላጁ የወረሰው ነው። ኢስሊ ገበያ ላይ ካንዚራ አይተው «ይሄማ የቤታችን ጎመን ነው!» ብለው እስሩን ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉ እናት አይቻለሁ። ሻጯ «ማማ፣ ካሪቡ» ብላ አንድ እስር መረቀችላቸው።

እንደ ካንዚራና ቴሬሬ ያሉትን የአገር ቅጠሎች ኬንያውያን ራሳቸው ለረጅም ጊዜ እንደ አረምና እንደ ድሃ ምግብ ሲያዩዋቸው ኖረዋል። ይህን አመለካከት ለመለወጥ ብዙ የደከሙት በጆሞ ኬንያታ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የአትክልት ሳይንስ መምህርት ፕሮፌሰር ሜሪ አቡኩትሳ ኦንያንጎ ናቸው፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ማናጉ፣ ሳጋ፣ ኩንዴና ቴሬሬ የሚባሉትን ቅጠሎች እያጠኑ ምግብነታቸውን አስመስክረዋል። ዛሬ በትልልቅ የገበያ አዳራሾች ሳይቀር እየታሠሩ ይሸጣሉ። ማናጉ ከእኛው አውጥ ወገን ነው፤ ልጅ ሆነን ፍሬውን ለቅመን አፋችንን ያጠቆርንበት ተክል ቅጠሉ እዚህ ወጥ ነው። ሳማንም ኪኩዩዎች ከድንችና ከበቆሎ ጋር ወቅጠው ይበሉታል፤ በጾም የሳማ ወጥ የሚያውቅ የሰሜን ሸዋ ሰው እዚህ ቢመጣ እንግድነት አይሰማውም። አደይ አበባን ናይሮቢ ላይ አላገኘኋትም። የሥጋ ዘመዷን ግን በየሜዳው አገኛለሁ፤ ሱሪ ላይ የሚሰካው የሰይጣን መርፌ ከአደይ ጋር ቢደንስ ከሚባለው አንድ ወገን ነው። ቀረብ ብሎ መሀሉን ላየው ቢጫዋ አለችበት።

ጌሾም አለ። በኬንያ ደጋማ ጫካዎች ዳር በተፈጥሮው ይበቅላል፤ ኪኩዩዎች ሙካራኪንጋ ብለው ለመድኃኒት ይጠቀሙበታል። ለመጠጥ ግን አያውሉትም። የነሱ የማር መጠጥ ሙራቲና የሚፈላው ቋሊማ በመሰለ ረጅም ፍሬው በሚታወቀው ዛፍ ፍሬ ነው። ማሩ አንድ፣ ሐሳቡ አንድ፣ ተክሉ ብቻ ሌላ። ይህን ሳስብ ጎረቤት ሕዝቦች ጎን ለጎን ለዘመናት ኖረው ጓሯቸውን ምን ያህል እንዳልተጎበኛኙ ይገርመኛል።

ከሁሉም ቡናው ይገርመኛል። ከካፋ እስከ ኬንያ ድንበር ያለው መንገድ በእግር የሚኬድ ነው። ቡና ግን በዚያ አልመጣም፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ገባ፣ ከዚያ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሬዩኒየን ደሴት ደረሰ፣ ኬንያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1893 በፈረንሳይ ሚሲዮናውያን እጅ በታይታ ኮረብታ ቡራ ላይ ነው። ከንጎንግ ተራራ ግርጌ ከ1914 እስከ 1931 ቡና ያለማችው ዴንማርካዊት ደራሲ ካረን ብሊክሰን የከሰረችበት አንዱ ምክንያት ቦታው ለቡና ከፍታው መብዛቱ ነበር፤ እርሻዋ ተሸንሽኖ ካረን የሚባለው ሰፈር ተሠራበት። ለጓሮ ግን ናይሮቢ ቡና ይይዝላታል። ቡና ደረቁ ወር ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲጥል በቀናት ውስጥ በአንድ ጊዜ ነጭ ሆኖ ያብባል፤ ሽታው አጥር አልፎ መንገድ ላይ ይደርሳል። አበባውን ብቻ ብሎ የሚተክለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

የናይሮቢ የድሮ ግቢ የእንግሊዝ ልማድ አለበት፤ አበባው ከፊት፣ ሣሩ መሀል፣ የሚበላው ከማድ ቤት ጀርባ ተደብቆ። የእኛ ጓሮ እንዲህ አይለያይም። ጤና አዳሙ ከደጃፉ ነው፤ በሶብላው ከቃሪያው ጋር ነው፤ ጠጅ ሣሩ የመንገዱን ዳር ይይዛል። ኪሌለሽዋና ኪሊማኒ ውስጥ ሮዝመሪ ለጌጥ ተብሎ በአጥር መልክ ተቆርጦ ስታዩ ዘበኛውን አስፈቅዳችሁ አንድ ዘለላ መቅጠፍ ትችላላችሁ፤ የጥብስ ቅጠል ነው። አጥሩ ኬይ አፕል ከሆነ ኮሽም ነው። እሾሁ ሌባ ይመልሳል፤ ቢጫ ፍሬው ኮምጣጣ ማርመላታ ይወጣዋል። ወንዴና ሴቴው በየዛፉ ስለሚለይ ግን አጥሩ ሁሉ አያፈራም፤ የማያፈራውን ታማሚ ነው ብላችሁ እንዳትነቅሉት። ሽቦ አጥር ያለው ሰው ፓሽን ፍሩት ያሳድርበት፤ አበባው ለብቻው መስኮት የሚያስከፍት ነው፣ ፍሬው ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ይደርሳል። ወሽመላና ዘይቱን በድሮ ግቢዎች ውስጥ ሞልተዋል፤ ልጆችና ወፎች ይሻሙባቸዋል። ካሩራ ጫካና ሲቲ ፓርክ አጠገብ የሚኖር ደግሞ ከጦጣ ጋር መካፈሉን አስቀድሞ ይወቅ።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። ብዙዎቻችን ናይሮቢን መሸጋገሪያ አድርገን ነው የምንኖርባት። «ፕሮሰሱ ሲያልቅ እሄዳለሁ» እንላለን፤ ፕሮሰሱ ግን ዓመት ይወልዳል፣ ልጆች እዚህ ተወልደው ትምህርት ቤት ይገባሉ። ቤቱ የኪራይ ነው፣ መሬቱ የሰው ነው፣ ስለዚህ አንተክልም። ያሳዝነኛል። የኪራይ ቤት ላለመትከል ምክንያት መሆን የለበትም፤ መምረጫ ብቻ ነው። ለወር ለምትቆዩበት ቤት አሉማ አለ። ለሁለት ወር ሱኩማና ድምብላል አለ። ዓመት ካላችሁ ፓሽን፣ ሁለት ሦስት ዓመት ካላችሁ የተዳቀለ አቮካዶና ቡና። የምትቆዩበትን ካላወቃችሁም ቃሪያና በሶብላ በማሰሮ ትከሉ፤ ዕቃ ስትጭኑ አብሮ ይጫናል።

መሬት የለንም ለሚሉ የተጨናነቁት የድሃ ሰፈሮች ኪቤራና ማታሬ መልስ አላቸው። እዚያ ሰዎች ጆንያ አፈር ሞልተው፣ መሀሉን ከላይ እስከ ታች በጠጠር ዓምድ ውኃ መንገድ አበጅተውለት፣ ሱኩማውን አናቱ ላይ ብቻ ሳይሆን የጆንያውን ጎን እየበሱ ይተክሉታል። ከአንድ በር ስፋት በማይበልጥ ቦታ የቤተሰብ ወጥ ይወጣል። ፎቅ ላይ ላለ ሰው ፀሐዩን ማየት ይበቃዋል። ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆንን ፀሐይ በሰኔና በሐምሌ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ በታኅሣሥ በደቡብ። በረንዳው ወደ ሰሜን ከሆነ በብርዱ ወራት ፀሐይ ያገኛል፤ ወደ ደቡብ ከሆነ ያን ጊዜ ጥላ የሚወድ ይቀመጥበት። አፈሩም ይታወቅ፤ ምዕራቡ ሰፈር ቀይ ነው፣ ውኃ ያሳልፋል፣ ፍግ ብቻ ጨምሩበት። ሳውዝ ቢ፣ ሳውዝ ሲና ኢምባካሲ ያላችሁ እግራችሁ ሥር ያለው ዋልካ ነው፤ በዝናብ ያብጣል፣ በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ መደቡን ከፍ አድርጋችሁ በፍግና በቅጠል ብስባሽ አለስልሱት። የቧንቧ ውኃ በተራ በሚመጣበት ከተማ አትክልትና ጎመን የታጠበበትን ውኃ መድፋት ያስቆጫል።

ግቢ ያላችሁ ደግሞ ሁሉን በሲሚንቶ አትሸፍኑት። እ.ኤ.አ. በ2024 ሚያዝያና ግንቦት የጣለው ዝናብ በኬንያ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ ናይሮቢ ውስጥ የማታሬን ወንዝ ዳር ጠራርጎታል። መሬት ሊጠጣው የሚችለው ውኃ በየግቢው ሲሚንቶ ተገፍቶ የሚወርደው ቁልቁል፣ ድሃው ወዳለበት ነው። የአንድ ግቢ አበባ መደብ ጎርፍ አያቆምም፤ የከተማው ግቢ ሁሉ ቢጠጣ ግን ልዩነት አለው። ኬንያዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ታጋይ ዋንጋሪ ማታይ ይህን ከማናችንም በፊት አይታዋለች። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1977 እዚሁ ናይሮቢ ካሙኩንጂ ላይ ከባልደረቦቿ ጋር ሰባት ዛፍ ተከለች፤ ግሪን ቤልት የተባለው ንቅናቄ የተነሣው ከዚያ ነው። 1,000 ሄክታር ገደማ የሚሆነውን የካሩራን ጫካ ለግንባታ ሊቆራርሱት ሲሉ በ1999 ተደብድባ ደሟ ፈስሷል፤ ጫካው ግን አለ፣ ዛሬ እንሄድበታለን። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ዜና ሲደርሳት ኒየሪ ላይ ነበረች፤ ያደረገችው ነገር ወደ ኬንያ ተራራ ፊቷን አዙራ አንድ ናንዲ ፍሌም መትከል ነው። ያ ዛፍ የአፍሪካ ነው፤ አበባው እንደ እሳት የቀላ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከአዲስ አበባ ስትመለሱ ዘርና ችግኝ በሻንጣ ደብቃችሁ አታምጡ። ኬፊስ የተባለው የኬንያ የእጽዋት ጤና ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድና የጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም አንድ ያልታየ በሽታ የገበሬን ማሳ ሊያጠፋ ስለሚችል ነው። ደግሞም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጥብስ ቅጠሉ፣ ጠጅ ሣሩ፣ ድምብላሉ፣ ጎመኑ፣ ቡናው፣ ጌሾውም እዚሁ አለ።

ስለዚህ ናይሮቢ ያላችሁ ወገኖቼ፣ መጋቢት 26 ሳይደርስ አፈሩን ፈንቅላችሁ ፍጉን ቀላቅሉ፤ ዝናቡ ሁለት ሦስት ቀን በደንብ ከጣለ በኋላ ችግኙን አሳርፉት። የመጋቢቱ ካመለጣችሁ የመስከረም 26ቱ አለላችሁ። አበባውን ከሚበላው አትለዩ። ቤቱን ስትለቁም ለሚገባው ተከራይ ጥግ ጥጉን እያዞራችሁ የቱ ምን እንደሆነ ንገሩት፤ ጌሾውን አረም መስሎት እንዳይነቅለው።